በችርቻሮ የሚሸመት ዕድሜ፦ ስለ ኩላሊት እጥበትና ስለ ንቅለ ተከላ ወጪ የተደረገ ምልልስ

ከራስ ዳሸን ሥር የተዘረጋው የበየዳ አገር ገብስ የሚበቅልበት፣ በግ የሚረባበት፣ ውርጩ የበረታ ደጋ ነው። ሕዝቡም ሕመም ሲጸናበት በበቅሎና በቃሬዛ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ መንገዱ በፈቀደ ጊዜ በመኪና፣ ገደሉን እየዞረ ወደ ደባርቅ ይመጣል፤ ደባርቅ ያልቻለችውን በዳባት በኩል ወደ ጎንደር ትልካለች። ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው ምልልስ በዚያ አገር ተወልደው ባደጉ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ነው። አንደኛው የዜማ መምህር የሆኑ አዛውንት ናቸው። ሁለተኛው በልጅነቱ ከእርሳቸው እግር ሥር ፊደል የቆጠረ፣ ዳዊት የደገመ፣ ኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ተሻግሮ በጎንደር ሐኪም የሆነ ሰው ነው። የኔታ፣ የእኅታቸው ልጅ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ ማቆማቸው ስለ ተነገራቸው፣ ሐኪሙ ለበዓል ደባርቅ መምጣቱን ሰምተው ምክር ፍለጋ ከበየዳ ወርደዋል።

የኔታ፦ ልጄ፣ ነገሩን ከመንገድ ወሬ ሳይሆን ካንተ አፍ ልስማው ብዬ መጣሁ። የእኅቴ ልጅ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ጎበዝ አራሽ ነበረ። ዛሬ ፊቱና እግሩ አብጦ፣ እህል አልቀበል ብሎት ተኝቷል። ሐኪሞቹ ሁለት መንገድ እንዳለ ነግረውታል፤ አንዱ ደምን በመሣሪያ ማጠብ፣ ሁለተኛው ከሰው የተገኘ ኩላሊት መትከል ነው። ቤተ ዘመድም ተሰብስቦ፣ መትከሉ የባለጸጋ ሥራ ነው፣ ርካሹ እጥበቱ ነውና እርሱን እንያዝ ብሎ ቆርጧል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። እውነት ርካሹ እጥበቱ ነውን?

ሐኪሙ፦ የኔታ፣ እስከዚህ ስለ ደከሙ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የእርስዎ ቤተ ዘመድ የተናገረው የብዙ ቤተ ዘመድ ቃል ነው፤ በሥራዬም ዘወትር እሰማዋለሁ። ነገር ግን ዋጋን ከዋጋ ለማነጻጸር አስቀድሞ በዋጋው የሚገኘውን ነገር ማወቅ ይገባልና፣ ፈቃድዎ ከሆነ ከኩላሊት ሥራ ልነሣ።

የኔታ፦ ተነሥ። አንተ ፊደል ስትቆጥር እኔ አልተቻኮልሁብህም፤ ዛሬ ተራው የእኔ ነው።

ሐኪሙ፦ በጤነኛ ሰው ውስጥ ያሉት ሁለት ኩላሊቶች፣ በእያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን ያህል ደቃቅ ማጥለያዎች ስላሏቸው፣ በአንድ ቀንና ሌሊት 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጠልላሉ፤ ከዚያም ለሰውነት የሚበጀውን ወደ ደም መልሰው፣ የማይበጀውን ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር በሚሆን ሽንት ያስወጣሉ። ይህ ብቻም አይደለም፤ የደምን ግፊት ይመጥናሉ፣ አጥንት እንዲጸና ይረዳሉ፣ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲፈጠር የሚያዝዘውን ንጥረ ነገር ያመነጫሉ። መሣሪያው ግን ከዚህ ሁሉ የማጥለሉን ሥራ ብቻ፣ እርሱንም በከፊል ነው የሚሠራው። ታማሚው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት አራት ሰዓት ከመሣሪያው ጋር ተያይዞ ይውላል። እንግዲህ በሳምንት ውስጥ ካሉት 168 ሰዓታት ደሙ የሚጠራው በ12ቱ ብቻ ሲሆን፣ በቀረው ጊዜ ሁሉ ውሃውና መርዙ በሰውነቱ እየተጠራቀመ፣ ተራው እስኪደርስ ይቆያል ማለት ነው።

የኔታ፦ ስለዚህ ነዋ ታጥቦ የዋለ ሰው እንደ ደከመ የሚታየው፣ ውሃም በመጠን ጠጣ የሚባለው።

ሐኪሙ፦ ስለዚህ ነው። ወጪውም ከዚሁ ከአሠራሩ የሚወለድ ነው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ሲታጠብ ደሙ የሚያልፍበት ማጣሪያ፣ ቱቦው፣ መርፌዎቹ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ሄፓሪን ሁሉ ያስፈልጋሉ። መሣሪያው በየደቂቃው ግማሽ ሊትር የእጥበት ፈሳሽ ስለሚያሳልፍ በአራቱ ሰዓት 120 ሊትር እጅግ የተጣራ ውሃ ይፈጃል። ለደም ማነሱም ኤሪትሮፖይቲን የሚባለውን መርፌ ይጨምሩበታል። ውሃውንና ኤሌክትሪኩን አገራችን ብትሰጥ፣ የቀረው ዕቃ በአብዛኛው ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ነው። ይህም በሳምንት ሦስት ጊዜ ሲሆን በዓመት 156 ጊዜ ይደጋገማል፤ ታማሚው እስካለ ድረስም ፍጻሜ የለውም።

የኔታ፦ በገንዘብ ስንት ይሆናል?

ሐኪሙ፦ በአዲስ አበባ የተደረገና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 የታተመ ጥናት፣ አንድ የእጥበት ታማሚ በዓመት በአማካይ ወደ 121 ሺሕ ብር እንደሚያስወጣው አስልቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ኑሮው ተወድዷል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ከውጭ የሚገባው የሕክምና ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሌላ ሆኗል። ስለዚህ የያኔውን ቁጥር የዛሬ ዋጋ አድርገው አይያዙት፤ የሸክሙን ክብደት ለመገመት ይበቃል። የከተማው ጥናት የማይመዝነው ሌላ ሸክም ደግሞ አለ፤ እርሱም መንገዱ ነው። ከደባርቅ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ታማሚው ደባርቅ ተቀምጦ ወደ ጎንደር እየተመላለሰ ይታጠብ ብንል፣ ደርሶ መልሱ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በ156 ሲባዛ በዓመት 31 ሺሕ 200 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

የኔታ፦ ከበየዳማ ጨርሶ የሚታሰብ አይደለም።

ሐኪሙ፦ አይደለም። ስለዚህ ሰውየው ቤቱን ዘግቶ፣ እርሻውን ለእኩል ሰጥቶ፣ ጎንደር ቤት ተከራይቶ መቀመጥ አለበት፤ የሚያስታምመው ሰውም ሥራውን ትቶ አብሮት ይሰደዳል። በመጀመሪያው ወር በጎቹ ይሸጣሉ፤ ቀጥሎ በሬው፣ ከዚያ በቅሎዪቱ ትሸጣለች። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ገንዘቡ ሲያጥር የሚሆነው ነው። ሦስቱ ቀን ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱም አንድ ይሆናል፤ እጥበት በጎደለ ቁጥር ውሃው ወደ ሳንባ ይገባል፣ ፖታስየም የሚባለው ማዕድን በደም ውስጥ በዝቶ ልብን ያስቆማል። ሰውየውን የሚገድለው ያን ጊዜ በሽታው ብቻ አይደለም፤ የገንዘቡ ማለቅ ነው።

የኔታ፦ እግዚኦ! በል እንግዲህ ስለ ሁለተኛው መንገድ ንገረኝ።

ሐኪሙ፦ የሰውን ኩላሊት ወደ ሌላ ሰው አዛውሮ በመትከል ለረጅም ጊዜ ማዳን የተቻለው መጀመሪያ በ1947 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፣ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ነው። ዶክተር ጆሴፍ መሪ ከመንትያ ወንድማማቾች ከአንዱ ኩላሊት ወስዶ ለሌላው ተከለ፤ ተቀባዩም ስምንት ዓመት ኖረ፤ ሐኪሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።  ቋሚ እጥበት በአገራችን የተጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት በአዲስ አበባ፣ በግል ሆስፒታል ሲሆን፣ ንቅለ ተከላውም በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ፣ በአሜሪካ ከሚገኘው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋራ በተደረገ ትብብር ተጀመረ። እንግዲህ ከዚያ በፊት ለንቅለ ተከላ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ሌላ አገር ከመሄድ በቀር መንገድ አልነበረም።

የኔታ፦ ወጪውስ?

ሐኪሙ፦ ወጪው ሦስት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ምርመራ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም ደማቸው፣ ሕብረ ሕዋሳቸው፣ ልባቸውና ሳንባቸው በሚገባ ይመረመራል። ሁለተኛው ቀዶ ሕክምናውና ከእርሱ ጋር ያለው የሆስፒታል ቆይታ ነው። ሦስተኛው መድኃኒቱ ነው፤ ሰውነት እንግዳውን ኩላሊት ጠላት መጣብኝ ብሎ እንዳይወጋው፣ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባሉትን መድኃኒቶች በየቀኑ፣ ኩላሊቱ እስከ ሠራ ድረስ መዋጥ ግድ ነው። የሁለቱን መንገዶች ሚዛን ለማየት የእንግሊዞችን ስሌት ልንገርዎ፤ እነርሱ ሕክምናውን ሁሉ መንግሥታቸው ስለሚከፍል ሒሳቡን አጥርተው ይይዛሉ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ባወጡት መረጃ፣ አንድ ታማሚ ሲታጠብ በዓመት 30 ሺሕ 800 ፓውንድ፣ ንቅለ ተከላው አንድ ጊዜ 17 ሺሕ ፓውንድ፣ ከተከላ በኋላ ያለው መድኃኒት በዓመት 5 ሺሕ ፓውንድ ያስወጣ ነበር።

የኔታ፦ ቆይ፣ እኔ ላስላው። ባሕረ ሐሳብ የሚቀምር ሰው ይህ አያቅተውም። በዐሥር ዓመት እጥበቱ 308 ሺሕ ይሆናል። ተከላው 17 ሺሕ፣ የዐሥር ዓመት መድኃኒት 50 ሺሕ፣ በድምሩ 67 ሺሕ። ከአራት እጥፍ በላይ ነው የሚበላለጠው!

ሐኪሙ፦ በትክክል አሰሉ። በአገራችን ሚዛኑ እንዲህ የሰፋ ላይሆን ይችላል፤ በእንግሊዝ አገር የእጥበቱ ዋጋ ብዙው ክፍል የሠራተኛ ደመወዝ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ደመወዙ ዝቅ ያለ፣ መድኃኒቱ ግን እንደ እነርሱ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነውና። ሆኖም ሒሳቡ የሚያዘነብልበት አቅጣጫ አይለወጥም። የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ባለ ተከላው ወጪው እየቀነሰ ሲሄድ ባለ እጥበቱ ባለበት ይቆያል። በሒሳቡ ያልገባ ሌላ ትልቅ ነገርም አለ። የታጠበ ሰው ለሚቀጥለው እጥበት ኃይሉን ይቆጥባል እንጂ ሞፈር አይጨብጥም፤ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ግን፣ ነገሩ ከሰመረ፣ ወደ ሥራው ይመለሳል። በሕይወት ካለ ሰው የተገኘ ኩላሊት በአማካይ ከ15 እስከ 20 ዓመት ያገለግላል። እንግዲህ በአንዱ በኩል የሚያወጣና የማያገባ፣ በሌላው በኩል የሚያወጣና የሚያገባ ሰው አለ።

የኔታ፦ ይህ እንዲህ ከሆነ፣ ሰው ሁሉ ለምን ወደ ውዱ ይሮጣል? ደሃው ባለጸጋው ከሚከፍለው የሚበልጥ ዋጋ የሚከፍለው በምን ምክንያት ነው?

ሐኪሙ፦ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። እርስዎ በደባርቅ ገበያ እንዳዩት፣ ባለጸጋው በመከር ጊዜ ኩንታሉን ገዝቶ ጎተራውን ይሞላል፤ ደሃው ግን የኩንታሉን ዋጋ አንድ ጊዜ ማውጣት ስለማይችል በየቀኑ በጣሳ ይሸምታል፣ በዓመቱም ፍጻሜ ቢደመር ለአንድ ኩንታል የሁለት ኩንታል ዋጋ ከፍሎ ይገኛል። የኩላሊትም ሕክምና እንዲሁ ነው። ንቅለ ተከላ ዋጋውን በአንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ሰጪ ይጠይቃል፣ ምርመራ ይጠይቃል፣ አዲስ አበባ መሄድንና እዚያ ወራት መቀመጥን ይጠይቃል። እጥበት ግን ለዛሬ የሚከፈለውን ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ለዛሬ የሚሆነውን በግ ሽጦ ያገኘ ሰው ገብቶ ይታጠባል። ስለ ነገ የሚጠይቀው የለም። በዚህ ምክንያት ርካሹ ሕክምና ለደሃው የማይደረስ፣ ውዱ ሕክምና የሚደረስ ይመስለዋል፤ ዕድሜውን በችርቻሮ ሲሸምት ቆይቶ፣ አንድ ጊዜ ቢያወጣው ለኩንታሉ ይበቃ የነበረው ገንዘብ በእጁ እንዳለፈ የሚያውቀው ከጨረሰው በኋላ ነው።

የኔታ፦ ይህ ልብ የሚሰብር ነገር ነው፤ እውነትነቱ ግን ታየኝ። አሁን ወደ ሰጪው እንምጣ፤ ከዋጋ ሁሉ ዋናው ይህ ነውና። የእኅቴ ልጅ ሁለት እኅቶችና አንድ ወንድም አሉት። ከእነርሱ አንዱ ኩላሊቱን ቢሰጥ፣ አንዱን ለማዳን ሌላውን መግደል አይሆንብንም?

ሐኪሙ፦ በሚገባ ተመርምሮ ጤነኛነቱ የተረጋገጠ ሰው በአንድ ኩላሊት መኖር ይችላል፤ የቀረው ኩላሊት ሥራውን አስፍቶ የሁለቱን ድርሻ ወደ መሥራት ይቀርባል። በብዙ ሺሕ ለጋሾች ላይ የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በቀዶ ሕክምናው ምክንያት የሚሞተው ከ10 ሺሕ ለጋሾች ሦስት ያህል ነው። አደጋው ጥቂት ነው፤ ከነጭራሹ የለም ግን አልልዎትም። በኋላ ዘመን የደም ግፊት ሊመጣበት ስለሚችል በየዓመቱ መመርመር ይኖርበታል። ቁስሉ እስኪጠግግም ሳምንታት ከከባድ ሥራ መራቅ አለበት፤ ለአራሽ ይህ የሚታይ ኪሳራ ነውና፣ ቤተ ዘመድ ወጪን ሲያሰላ የሰጪውንም የጎደለ ሥራ ማስላት ይገባዋል።

የኔታ፦ እንግዲህ በዚህ ላይ የእኔ ድርሻ ያለ ይመስለኛል። በመንደራችን የሚፈራው ቢላዋው ብቻ አይደለም። በትንሣኤ ሙታን ጊዜ ጎዶሎ ሆኜ እነሣለሁን? እግዚአብሔር የፈጠረውን ማጉደል ድፍረት አይሆንምን? የሚል ሥጋት አለ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ። ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ አጥንቱ ተፈጭቶ በደብረ ይድራስ ላይ በተበተነ ጊዜ፣ ፈጣሪው ሰብስቦ ለማስነሣት አልተቸገረም። አባታችን ተክለ ሃይማኖት ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው ተሰብራ ብትወድቅ፣ ቤተ ክርስቲያን የዚያችን እግር መሰበር ታከብራለች እንጂ ጎዶሎ አትላቸውም። ለክብር የጎደለው ሥጋ እንዲህ ከተከበረ፣ ስለ ወንድሙ ነፍስ ሲል ከሥጋው የሚሰጥማ እንዴት አይከበር? ፈታኔ ልብ ወኵልያት፣ ማለትም ልብንና ኩላሊትን መርማሪ የሆነው አምላክ የሚመረምረው የሰጪውን ሐሳብ ነው፤ በፍቅር የሰጠውን ይባርከዋል።

ሐኪሙ፦ ይህን ቃል ከእኔ አፍ ቢሰሙት አያምኑትም ነበር፤ ከእርስዎ ከሰሙት ግን ብዙ በር ይከፈታል።

የኔታ፦ ግን አንድ ነገር እጨምራለሁ። በፍቅር ያልኩትን ልብ በል። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ያላገባችውን እኅት፣ አንቺ ምን ሥራ አለሽ፣ አንቺ ስጪ ብሎ ቢያስጨንቃት፣ ያ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ግብር ይሆናል።

ሐኪሙ፦ እውነት ብለዋል። በብዙ አገር በሕይወት ሳሉ ኩላሊት ከሚሰጡት ሰዎች የሚበልጡት ሴቶች ናቸው፤ ይህ ፍቅራቸውን ያሳያል፣ በእነርሱ ላይ የሚበረታውንም ግፊት ያሳያል። ስለዚህ ሐኪሙ ሰጪውን ለብቻው ጠርቶ ሊያነጋግረው፣ አልሻም ካለም ምሥጢሩን ሊጠብቅለት ይገባል። የአገራችንም ሕግ የሰው አካል በልግስና እንዲሰጥ ይፈቅዳል እንጂ እንዲሸጥ አይፈቅድም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ከብዙ አገር የመጡ ሐኪሞች በኢስታንቡል ተሰብስበው ባወጡት መግለጫም የኩላሊት ንግድን አውግዘዋል፤ ንግድ ከሆነ ሁልጊዜ ሻጩ ደሃ፣ ገዢው ባለጸጋ ይሆናልና።

የኔታ፦ አሁን ደግሞ በተቃራኒው ልሟገትህ። መድኃኒቱ በየቀኑ፣ ለዘለቄታው የሚዋጥ ነው ብለሃል። በክረምት መንገዱ ሲቆረጥ፣ ጎርፉ ሲመጣ፣ መድኃኒቱ ከጎንደር ወይም ከአዲስ አበባ በየዳ ካልደረሰ ምን ይሆናል?

ሐኪሙ፦ የተተከለው ኩላሊት ይበላሻል፤ የወጣው ገንዘብ፣ የሰጪውም መሥዋዕትነት አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ መድኃኒቱን በቅድሚያ ማከማቸት፣ ታማሚውም ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት ለሆስፒታል ቅርብ ሆኖ መቀመጥ ይኖርበታል። መድኃኒቱ የሰውነትን የመከላከል ኃይል ስለሚያዳክም ተላላፊ በሽታ ይበረታበታልና፣ ውሃውን አፍልቶ መጠጣት፣ ከበረትም መራቅ ያስፈልገዋል። ደግሞም ሰው ሁሉ ለተከላ አይሆንም፤ ልቡ የደከመ፣ ያልዳነ ካንሰር ያለበት፣ ዘመድ የሌለው፣ ወይም ዘመዱ ደሙ የማይስማማው አለ። እነዚህ ያለ እጥበት አይኖሩም፤ ለተከላ የሚጠባበቀውም እስከዚያ የሚሻገረው በእጥበት ነው። ስለዚህ እጥበትን አልንቅም። እኔ የምለው፣ እጥበት ለሚሻገር ሰው ድልድይ ይሁን እንጂ ቤተ ዘመድን ሁሉ የሚውጥ ገደል አይሁን ነው።

የኔታ፦ እንግዲህ ዋጋውን አወቅነው። ከፋዩ ማን ነው? እኔ እንደማየው ከፋዩ በሬ ነው፣ በግ ነው፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚለምን እናት ናት።

ሐኪሙ፦ ይህን ጥያቄ ሌሎች አገሮችም ተፈትነውበታል። በአሜሪካ በሲያትል ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960፣ ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር በክንድ ላይ የሚቀመጥ ቱቦ አበጅቶ እጥበት ለዓመታት የሚደጋገም ሕክምና እንዲሆን አደረገ። መሣሪያው ግን ጥቂት፣ ፈላጊው ብዙ ስለ ነበረ፣ ማን ይታጠብ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚወስን ሰባት አባላት ያሉት ሸንጎ ተቋቋመ፤ ከአባላቱ አንዱ ካህን፣ አንዱ ጠበቃ፣ አንዱ የባንክ ሰው፣ አንዷም የቤት እመቤት ነበሩ። ሰዎችን በሥራቸው፣ በትዳራቸው፣ በልጆቻቸው ብዛት እየመዘኑ ሲመርጡ፣ ነገሩ በ1962 በጋዜጠኞች ታውቆ ሕዝቡን አስቆጣ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1972፣ የአሜሪካ መንግሥት ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሁሉ ለማለት በሚቻል መልኩ የእጥበቱንና የተከላውን ወጪ የሚሸፍን ሕግ አወጣ። በጎረቤታችን በኬንያም የቀድሞው የመንግሥት የጤና መድን ለአባላቱ በሳምንት ሁለት እጥበት ይከፍል ነበር።

የኔታ፦ ያ ካህን እንዴት ቻለው? አንዱን ኑር፣ አንዱን ሙት ብሎ መወሰን ከባድ ፍርድ ነው። በእኛስ አገር?

ሐኪሙ፦ በእኛ አገር ሸንጎ የለም፤ የሚፈርደው ድህነት ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀምሮ በብዙ ወረዳ ተስፋፍቷል፤ ለወሊዱ፣ ለወባው፣ ለሳንባ ምቹ ብዙ ገበሬ በእርሱ ድኗል። ቋሚ እጥበትና ንቅለ ተከላ ግን ከሚሸፍናቸው ዝርዝሮች ውጭ ሆነው ቆይተዋል።

የኔታ፦ ይህስ ፍትሕ ነው? ሰው ጤነኛ ሳለ ከፍሎ፣ ሲከፋበት ዞር በል ይባላልን?

ሐኪሙ፦ የመድኑን ሰዎች አልኮንንም፤ ከገበሬ የሚሰበሰበው መዋጮ ጥቂት ነው። አንድን ሰው ዓመት ሙሉ ለማጠብ የሚወጣው ብዙ እናቶችን በደኅና ያዋልዳል፣ ብዙ ሕፃናትንም ያድናል፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ሁሉን ክፈሉ ማለት መድኑን ማፍረስ ይሆናል። ነገር ግን ሁሉን ወይም ምንም በማለት ፈንታ በቅደም ተከተል መሄድ ይቻላል። አንደኛ፣ በወሊድ ደም መፍሰስ፣ በወባ፣ በተቅማጥ ምክንያት ድንገት ሥራ ያቆመ ኩላሊት፣ ለጥቂት ሳምንታት ከታጠበ ብዙ ጊዜ ይመለሳልና፣ የእርሱ እጥበት ሊሸፈን ይገባል። ሁለተኛ፣ ፈቃደኛና ተስማሚ ሰጪ ያለው ታማሚ እስኪተከልለት ድረስ ለተወሰኑ ወራት እጥበቱ ቢሸፈንለት፣ ገንዘቡ ማብቂያ ያለው ወጪ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ከተከላ በኋላ ያለው መድኃኒት በመንግሥት በጅምላ ተገዝቶ በየክልሉ ሆስፒታል ቢገኝ፣ ሰውየው ለአንድ ወር መድኃኒት አዲስ አበባ መመላለስ ይቀርለታል። ኩንታሉን መግዛት ያቃተውን ደሃ፣ ወገን ተባብሮ ኩንታሉን ይግዛለት ማለቴ ነው።

የኔታ፦ ዘመድ የሌለውስ?

ሐኪሙ፦ ለእርሱ ከሟች የሚገኝ ኩላሊት ያስፈልጋል። በአገራችን የሚተከለው በሕይወት ካለ ዘመድ የተሰጠ ነው፤ እስፓንያ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ብሔራዊ ድርጅት አቋቁማ፣ ከሟቾች በሚገኝ ልግስና በዓለም ግንባር ቀደም ሆናለች። ለዚህ የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሞትን በትክክል የሚያረጋግጥ ሕግና ባለሙያ፣ በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ መጓጓዣ ያሻል፤ ሥራው የዓመታት ነው። ነገር ግን ሕዝባችን ሐሳቡን ጨርሶ አያውቀውም አይባልም። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ከተቋቋመበት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የዓይናቸው ብሌን ለዕውር እንዲሰጥ በሕይወታቸው ቃል እየገቡ ነው፤ በዚህም ብዙ ዕውራን ማየት ችለዋል።

የኔታ፦ በኋላ የምትለው ይኖር እንደ ሆነ እንጃ፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ልጠይቅህ የሚገባኝን አስታወስሁ። ይህ በሽታ ከየት መጣበት? ሌሎቹ ልጆች እንዳይያዙ ምን እናድርግ?

ሐኪሙ፦ ከሁሉ የሚረክሰው ሕክምና እርሱ ነው፣ የኔታ። ኩላሊትን ከሚያደክሙት ዋናዎቹ የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ናቸው፤ ሁለቱም ለዓመታት ድምፅ ሳያሰሙ ይሠራሉ። የኩላሊት ብግነት፣ ጠጠር፣ ከሱቅ እየተገዛ ሳይታዘዝ ለረጅም ጊዜ የሚዋጥ የሕመም ማስታገሻም ይጎዱታል። ግፊት በጤና ጣቢያ በደቂቃዎች ይለካል፤ ሽንት በቀላል ወረቀት ይመረመራል። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ኩላሊት ጤና ለመጀመሪያ ጊዜ ውሳኔ ሲያሳልፍም፣ ቀድሞ መከላከልንና ቀድሞ ማወቅን አጽንቶ ጠይቋል። በየዳን የሚያህል ሩቅ አገር ከማንም ይልቅ ይህ ያስፈልገዋል፤ እጥበት በማይደረስበት ቦታ ግፊትን አለመለካት ለሰው ሞትን መፍረድ ነው።

የኔታ፦ እንግዲያው የምሠራውን ልንገርህና፣ ያጎደልሁት ካለ አርመኝ። ቤተ ዘመድ የሰበሰበውን ገንዘብ ዛሬ ሁሉንም በእጥበት እንዳይጨርሰው አደርጋለሁ፤ ለመሻገሪያው የሚበቃው ተለይቶ፣ የቀረው ለምርመራውና ለአዲስ አበባው ጉዞ ይቀመጣል። ወንድሙና እኅቶቹ ነጻ ፈቃዳቸው ከሆነ ወዲያውኑ ይመርመሩ፤ ሳይገደዱ እንዲወስኑም እኔ እቆምላቸዋለሁ። ሰንበቴውና እድሩ እስከ ዛሬ የሚረዳው ሰው ከሞተ በኋላ ለተዝካሩ ነው፤ ከእንግዲህ ሳይሞት ለመዳኛው ይርዳ ብዬ እናገራለሁ፤ የሙታን መታሰቢያ የተቀደሰ ነው፣ ሕያውን ማዳንም የተቀደሰ ነው። የሰጪውን እርሻ ማኅበሩ በደቦ ይረስለት። በጉባኤዬ ያሉት ተማሪዎች፣ ወላጆቻቸውም፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊታቸውን ይለኩ።

ሐኪሙ፦ ያጎደሉት አንድ ብቻ ነው። ገንዘቡን የሚይዝ ሰው ሲመርጡ ሒሳቡን በጽሑፍ ይያዝ፤ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ላለው መድኃኒትም ዛሬውኑ ይመደብለት። ብዙ ቤተ ዘመድ ቀዶ ሕክምናውን የመጨረሻ ያደርገውና፣ በሁለተኛው ዓመት እጁ ባዶ ይሆናል።

የኔታ፦ ይጻፋል። ለመንግሥት ሰዎችም አንተ ያልከውን ሦስቱን ቅደም ተከተል በደብዳቤ እጽፋለሁ፤ አንተ የሐኪሙን ፊርማ፣ እኔ የደብሩን ማኅተም እናድርግበት። በሬ ሸጦ ዕድሜ የሚገዛ ሕዝብ፣ ቢያንስ የገዛውን ነገር ዋጋ አውቆ፣ በርካሹና በሚበልጠው መንገድ እንዲሄድ መርዳት የመምህርም የሐኪምም ግዴታ ነው፤ ይህን ሳናደርግ ብንቀር፣ በድህነታችን ሳይሆን ባለመተባበራችን እንጠየቅበታለን።